ትርፍ ቤትና የግንባታ ሥራ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ ብር 300 የነበሩ ቤቶች ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ፤ በርካሽ የሚከራዩትን ቤቶች፣ እስከ ብር 100 ድረስ፣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች፣ ተረከቡ። ለተከራዩ ድኻ ይህ ታላቅ እፎይታ እንደ ነበረ አይካድም። ይሁን እንጂ ከኪራዩ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለእድሳት የሚበቃ አልነበረም፤ የጭቃ ቤት ደግሞ፣ ባለሙያው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ምርጊቱና ቆርቆሮው በየጊዜው ካልታደሰ አይቆምም። ቤት ሠርቶ ማከራየት ስለ ተከለከለም የግለሰብ ገንዘብ ከግንባታው ሸሸ፤ ሥራ ተቋራጩም የመንግሥትን በጀት ጠባቂ ሆነ። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ቤቶቹ አርጅተው ነበር፤ የቀበሌው ኪራይ ግን ከ1967ቱ ተመን አልተነቃነቀም።