ጭርትና ቆረቆርን በብርሃን ማከም፦ መድኃኒቱ፣ ፀሐዩና ጥንቃቄው

ፈንገስን በብርሃን ማከም፣ በሐኪሞች አጠራር ፎቶዳይናሚክ ሕክምና፣ ማለት ብርሃን ሲያርፍበት የሚነቃ መድኃኒት በታመመው ቦታ ላይ ቀብቶ፣ ከዚያም መጠኑ የታወቀ ብርሃን አብርቶ ፈንገሱን መግደል ነው። በዚህ ጽሑፍ ሕክምናው እንዴት እንደሚሠራና የት እንደደረሰ እናያለን። እንደ ሞላሌ ባለ ደጋ የሚኖር ቤተሰብ ከፀሐይና ከቅጠላ ቅጠል ጋር በተያያዘ ምን መጠንቀቅ እንዳለበትም እንመለከታለን።

እንዴት ይሠራል?

ለሥራው ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፦ ብርሃን የሚስብ ቀለም፣ ለቀለሙ የሚስማማ ብርሃንና ኦክስጅን። ቀለሙ ወደ ፈንገሱ ሕዋስ ይገባል። ብርሃኑ ሲያርፍበት ኃይል ይቀበልና በአካባቢው ላለው ኦክስጅን ያስተላልፋል። ኃይል የተቀበለው ኦክስጅን የሕዋሱን ሽፋንና የውስጥ ክፍሎች ያቃጥላል። ዕድሜው ከሰከንድ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ጉዳቱ ቀለሙና ብርሃኑ ከተገናኙበት ቦታ ብዙም አይርቅም።

ሌላም ጥቅም አለው። የተለመዱት የፈንገስ መድኃኒቶች አብዛኛውን ጊዜ የፈንገሱን አንድ የተወሰነ ክፍል ስለሚመቱ ፈንገሱ ሊለምዳቸው ይችላል። ይህኛው ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ቦታ ስለሚመታ መላመዱ ይከብደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 (እ.ኤ.አ.) ልዩ ትኩረት የሚሹ 19 ፈንገሶችን ዝርዝር ማውጣቱ የመድኃኒት መላመድ ምን ያህል እንዳሳሰበ ያሳያል።

ከየት መጣ?

መድኃኒትን ከፀሐይ ጋር አጣምሮ ቆዳን ማከም አዲስ ነገር አይደለም። በአንዳሉስ ማላጋ ተወልዶ በ1248 በደማስቆ ያረፈው የዕፅዋት ሊቅ ኢብኑል በይጣር፣ የእንስላል ዘመድ የሆነ «አጥሪላል» የተባለ ተክል ፍሬ ለለምጽ እንደሚሰጥና ታማሚው ከዚያ ፀሐይ ላይ እንደሚቀመጥ ጽፏል። በ1940ዎቹ የካይሮው ሐኪም አብዱልሙንዒም አል-ሙፍቲ ከዚሁ ተክል የተጣራውን ንጥረ ነገር ለለምጽ ሕሙማን ከፀሐይ ብርሃን ጋር ሰጥተዋል።

ጀርሞችን በቀለምና በብርሃን የመግደሉ መንገድ ደግሞ በሙኒክ ተጀመረ። ኦስካር ራብ የተባለ የሕክምና ተማሪ፣ አክሪዲን በተባለ ቀለም ውስጥ ያሉ ደቂቅ ነፍሳት ጨለማ ውስጥ ሲቆዩ እንደሚተርፉ፣ ብርሃን ሲያገኛቸው ግን ፈጥነው እንደሚሞቱ አይቶ ውጤቱን በ1900 አሳተመ።

ዛሬ የት ደርሷል?

ለፈንገስ በብዛት ከተሞከሩት ቀለሞች አንዱ ሜቲሊን ብሉ የተባለው ሰማያዊ ቀለም ሲሆን የሚነቃውም በቀይ ብርሃን ነው። በብራዚል ኤችአይቪ በደማቸው ባለባቸው ሰዎች ላይ ለሚወጣ የአፍ ፈንገስ ተሞክሯል። በሌሎች አገሮችም ለእግር ጥፍር ፈንገስ ጥቅም ላይ ውሏል።

ገደብም አለው። ብርሃኑ ቆዳ ውስጥ ዘልቆ የሚገባው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ወፍራም ጥፍር ቀለሙንም ብርሃኑንም ስለሚከለክል አስቀድሞ መሳሳት አለበት። ሕክምናው ብዙ ጊዜ መደጋገም ያሻዋል፤ ሲበራም ሊያቃጥል ይችላል። በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ሳይሆን መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ የሚፈልግ ሕክምና ነው።

የሞላሌ ፀሐይና ጤና አዳም

«ቀለምና ብርሃን ከሆነ እኛም ቅጠል ጨምቀን ፀሐይ ብንሞቅስ?» የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው፦ አይሞከርም።

የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ከተማ ሞላሌ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። የደጋው ብርድ ሰውን ያታልላል፤ አየሩ ቢቀዘቅዝም ጨረሩ ብርቱ ነው።

ቡናችን ላይ ጣል የምናደርጋት ጤና አዳም በአጥሪላል ውስጥ ካሉት ጋር አንድ ዓይነት የሆኑ፣ በፀሐይ የሚነቁ ንጥረ ነገሮች አሏት። እርጥብ ቅጠሏ ቆዳ ላይ ታሽቶ ፀሐይ ሲያገኘው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ጠባሳውም ለወራት ጠቁሮ ሊቆይ ይችላል። የሎሚ ጭማቂም እንዲሁ ያደርጋል። ውኃ መቋጠሩ «በሽታው እየወጣ ነው» ሊያሰኝ ይችላል፤ እውነታው ግን ቃጠሎ ነው። ሐኪሙ የቀለሙንም የብርሃኑንም መጠን ለክቶ ይሰጣል፤ በቤት ውስጥ ግን ሁለቱንም መለካት አይቻልም።

በእጃችን ያለው ሕክምና

ገላ ላይ ለሚወጣ ጭርት የሚቀባ የፈንገስ ቅባት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ምልክቱ ከጠፋ በኋላም ባለሙያው እስካዘዘው ቀን ድረስ መቀባት ያስፈልጋል። ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ግን ማሳከኩን ለጊዜው አስታግሦ ፈንገሱ እንዲስፋፋ ስለሚያደርግ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቀባ።

የልጆች የራስ ቆረቆር ግን በቅባት ብቻ አይድንም፤ ፈንገሱ ፀጉሩ ሥር ስለሚገባ የሚዋጥ መድኃኒት ያሻዋል። የተለመደው ግሪሲዮፉልቪን ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወሰዳል። ከወተት ወይም ቅቤ ካለበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ይህ መድኃኒት ራሱ ቆዳን ለፀሐይ ስስ ስለሚያደርግ፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅ እየወሰደው ከሆነ ኮፍያና እጀ ረጅም ልብስ አይለየው።

በጤና ጣቢያ ካልዳነ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል፣ ከዚያም በቆዳ ሕክምና ወደሚታወቁት ወደ ወሎው ቦሩ ሜዳ ወይም ወደ አዲስ አበባው አለርት ሪፈር ማጻፍ ይቻላል።

በቤትና በመስጂድ

ፈንገስ እርጥበት ይወዳል። ዉዱእ ካደረግን በኋላ በእግር ጣቶቻችን መካከል ያለውን ውኃ እናድርቅ፤ በተለይ በብርድ ምክንያት ካልሲና ሽፍን ጫማ ለሚያዘወትር ሰው ይህ ወሳኝ ነው። የመስጂድ የዉዱእ ቦታ ነጠላ ጫማ በየጊዜው ይታጠብና ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ኮፍያ፣ ሒጃብ፣ ማበጠሪያና የፀጉር መላጫ አንዋዋስ። ቆረቆር ያለበት ልጅ ከተገኘ የቤቱ ልጆች ሁሉ ይታዩ። ፀጉሩ የተመለጠ ጥጃ ወይም ድመት ካለም ልጆች እንዳይነኩት እናድርግ።

የብርሃን ሕክምናው እየተሻሻለ ሲሄድ አንድ ቀን ወደየአካባቢያችን ይደርስ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ግን ልጃችንን ከቆረቆር የሚያድነው በትክክል ታዝዞ እስከ መጨረሻው የተወሰደ መድኃኒት ነው። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይለግስልን።