ሬኒን፦ ጨውንና ፖታሲየምን የሚያመጣጥነው የኩላሊት ኢንዛይም

ሬኒን በኩላሊት ውስጥ የሚመረት ኢንዛይም ነው። ሰውነት ጨውና ውሃ ሲያንሰው ወይም የደም ግፊት ሲወርድ፣ ኩላሊት ጨው እንዲቆጥብ የሚያደርገውን ሂደት የሚያስጀምረው ሬኒን ነው። ይኸው ሂደት ትርፍ ፖታሲየም በሽንት እንዲወጣም ያግዛል።

የሚኖሩት ወይም ለሥራ የሚሄዱት እንደ መልካ ወረር፣ አዋሽ ሰባት ኪሎና ሰመራ ወዳሉ ሞቃታማ የአዋሽ ሸለቆ ከተሞች ከሆነ፣ ሰውነትዎ ይህን ኢንዛይም በብዛት ይጠቀምበታል። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ አሠራሩን ማወቅዎ ከከባድ አደጋ ሊጠብቅዎት ይችላል።

ሬኒን መቼ ይመነጫል?

ደም ወደ ኩላሊት ማጣሪያዎች በሚገባባቸው ጥቃቅን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ሬኒን የሚሠሩ ልዩ ሴሎች አሉ። እነዚህ ሴሎች ሬኒንን ወደ ደም የሚለቁት፦

• ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ግፊቱ ሲቀንስ፣
• በኩላሊት ቱቦ ውስጥ የሚያልፈው ጨው ሲያንስ፣
• በድንጋጤ፣ በደም መፍሰስ ወይም በከባድ የፈሳሽ እጥረት ምክንያት የነርቭ ሥርዓት ትእዛዝ ሲሰጥ ነው።

ሬኒንን ለመጀመሪያ ጊዜ የለዩት ሮበርት ቲገርስቴትና ፐር በርግማን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1898 በስቶክሆልም በሚገኘው ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ሲሠሩ፣ ከጥንቸል ኩላሊት የተወሰደ ጭማቂ የደም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ አሳይተዋል።

እንዴት ይሠራል?

ሬኒን በቀጥታ ጨው አይዝም፤ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ሂደት ያስጀምራል።

1. ጉበት አንጂዮቴንሲኖጅን የተባለ ፕሮቲን ወደ ደም ይለቃል። ሬኒን ይህን ፕሮቲን ቆርጦ ወደ አንጂዮቴንሲን 1 ይለውጠዋል።
2. በተለይ በሳንባ የደም ሥሮች ውስጥ የሚገኝ ኤሲኢ የተባለ ሌላ ኢንዛይም ደግሞ ወደ አንጂዮቴንሲን 2 ይለውጠዋል።
3. አንጂዮቴንሲን 2 የደም ሥሮችን ያጠብባል፣ የውሃ ጥም ይቀሰቅሳል፤ ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢም አልዶስቴሮን የተባለውን ሆርሞን እንዲያመነጭ ያደርጋል።
4. አልዶስቴሮን በኩላሊት ቱቦዎች የመጨረሻ ክፍል ላይ ሶዲየም ወደ ደም እንዲመለስ፣ ፖታሲየም ደግሞ ወደ ሽንት እንዲወጣ ያደርጋል። ውሃም ሶዲየምን ተከትሎ ይመለሳል።

ጤናማ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ። በሽንት የሚወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሊትር ብቻ ነው። ስለዚህ በመጨረሻው ክፍል ላይ የሚደረግ ትንሽ ለውጥ በሰውነት ውስጥ በሚቀረው ጨው ላይ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

ፖታሲየም ለምን ጥንቃቄ ይፈልጋል?

አብዛኛው የሰውነታችን ፖታሲየም የሚገኘው በሴሎች ውስጥ ነው። በደም ውስጥ ያለው መጠን ጥቂት ሲሆን፣ ጤናማው ልክ በአንድ ሊትር ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል ገደማ ነው። ከዚህ በጣም ከፍ ወይም ዝቅ ካለ የጡንቻ መዛልና የልብ ምት መዛባት ያስከትላል፤ ልብንም ሊያቆም ይችላል። ፖታሲየም ሲጨምር አድሬናል ዕጢ ሬኒንን ሳይጠብቅ አልዶስቴሮን ያመነጫል። ይህ ተጨማሪ መከላከያ ነው፤ ኩላሊት ከተጎዳ ወይም አልዶስቴሮንን የሚከለክል መድኃኒት ካለ ግን ብቻውን አይበቃም።

በሞቃት አካባቢ ምን ይፈጠራል?

ላብ ውሃ ብቻ ሳይሆን ጨውም ይዞ ይወጣል። ከደጋ ወደ አሚባራ የጥጥ እርሻ ወይም ወደ ከሰም የሸንኮራ አገዳ ማሳ ለሥራ የሚወርድ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ላቡ ጨው ይበዛበታል። ሬኒንና አልዶስቴሮን ሲጨምሩ የላብ ዕጢዎችም ጨው መቆጠብ ይጀምራሉ። ሰውነት ሙቀቱን እስኪለምድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ፦

• ከባዱን ሥራ በማለዳ ያከናውኑ፤ የሥራውን ሰዓትም ቀስ በቀስ ይጨምሩ።
• ቶሎ ቶሎ ውሃ ይጠጡ፤ ምግብም አይዝለሉ። ለአብዛኛው ሰው የሚበቃው ጨው ከምግብ ይገኛል።
• ረጅም ሰዓት በጣም ካላበዎት ውሃ ብቻ በብዛት መጠጣት የደም ሶዲየምን ሊያወርድ ይችላል። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን በጥብጠው ይጠጡ። ኦአርኤስ ሶዲየምም ፖታሲየምም አለው።
• የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎት «ሙቀት ነው» ብለው በራስዎ ጨው አይጨምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው የጨው መጠን በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው።

ሂደቱን የሚነኩ መድኃኒቶች

• ኢናላፕሪልና ሊሲኖፕሪል፦ ኤሲኢን ይከለክላሉ።
• ሎሳርታን፦ አንጂዮቴንሲን 2 እንዳይሠራ ያግዳል።
• ስፓይሮኖላክቶን፦ አልዶስቴሮንን ያግዳል።
• ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ፍሮሴማይድ (ላሲክስ)፦ ጨውና ውሃ በሽንት ያስወጣሉ፤ ፖታሲየምንም ያወርዳሉ።

እነዚህ መድኃኒቶች ብዙ ሰዎችን ከስትሮክና ከልብ ድካም ይጠብቃሉ። በራስዎ ውሳኔ አያቋርጧቸው። አደጋው የሚመጣው በተቅማጥ፣ በትውከት ወይም በሙቀት ብዙ ፈሳሽ ሲያጡ ነው። ያን ጊዜ ኩላሊት የሚተማመነው በሬኒን ላይ ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ መንገዱን ይዘጋበታል። በዚህ ላይ እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ ሲጨመር ኩላሊት በድንገት ሊደክም፣ ፖታሲየምም ሊያሻቅብ ይችላል።

ስለዚህ ሐኪምዎን ገና ጤነኛ ሳሉ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «አተት ቢይዘኝ ወይም ምግብና ውሃ መውሰድ ቢያቅተኝ የትኛውን መድኃኒት ለጊዜው ላቁም? መቼስ ልጀምር?» የረመዳንን ጾም የሚጾሙ ከሆነ ወሩ ከመግባቱ በፊት የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ያስተካክሉ። እርጉዝ ከሆኑ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ ቶሎ ያሳውቁ፤ ኢናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪልና ሎሳርታን ፅንስን ይጎዳሉ።

ሬኒን ሲበዛና ሲያንስ

ወደ ኩላሊት የሚሄደው የደም ሥር ከጠበበ ኩላሊት ደም ያነሰው ስለሚመስለው ሬኒን ያበዛል፤ የደም ግፊትም ይጨምራል። በሌላ በኩል አድሬናል ዕጢ ያለ ትእዛዝ አልዶስቴሮን ካመነጨ ሬኒን ይቀንሳል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ፖታሲየምም ሊወርድ ይችላል። ለረጅም ጊዜ የቆየ የስኳር ሕመም ደግሞ ሬኒንን በማሳነስ ፖታሲየም እንዲጠራቀም ሊያደርግ ይችላል።

የሬኒን ምርመራ ለሁሉም ሰው አያስፈልግም። ከላይ የተጠቀሱትን መድኃኒቶች ለሚወስድ ሰው ይበልጥ የሚጠቅመው የክሬአቲኒን፣ የሶዲየምና የፖታሲየም የደም ምርመራ ነው። ይህም መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተቀየረ ከ1 እስከ 2 ሳምንት በኋላ፣ ከዚያም ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ ይደረጋል። ኩላሊትዎ ከተጎዳ የጨው ምትክ ተብለው የሚሸጡ ፖታሲየም ያለባቸውን ምርቶች አይጠቀሙ። እንደ ሙዝ፣ ቲማቲምና ድንች ያሉ ፖታሲየም የሚበዛባቸውን ምግቦች ምን ያህል መመገብ እንዳለብዎትም ሐኪምዎን ያማክሩ።

በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ

• ሽንት በጣም ከቀነሰ ወይም ከቆመ፣
• እግርና እጅ ከዛለ ወይም መንቀሳቀስ ካቃተዎት፣
• ልብዎ ያለ አግባብ ከመታ ወይም ራስዎን ከሳቱ፣
• ተቅማጥና ትውከት የጠጡትን ሁሉ ከመለሰ፣
• በሙቀት ውስጥ የቆየ ሰው ከተወናበደ ወይም ከተንቀጠቀጠ።

የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ ፖታሲየም ጨምሮ ሊሆን እንደሚችል በቶሎ እንዲጠረጥር ይረዳዋል።