የካርቱሙ ሐኪምና ብዙ ዝንባሌዎቻቸው

የሱዳን ዘመናዊ የአእምሮ ሕክምና ታሪክ ከአንድ ባለ ብዙ ዝንባሌ ሰው ጋር የተቆራኘ ነው። ዶክተር ቲጃኒ አል-ማሂ በ1935 እ.ኤ.አ. ከካርቱም ኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት ተመርቀው፣ በእንግሊዝ አገር በአእምሮ ሕክምና ሠለጠኑ፤ ሲመለሱም በሰሜን ካርቱም ክሊኒክ ከፈቱ። መድኃኒት ማዘዝ ብቻ አልበቃቸውም። ኢትዮጵያውያንም በሚገባ የሚያውቁትን የዛር ሥርዓት አጠኑ፤ ከሼሆች ጋር ተመካከሩ፤ ብርቅ መጻሕፍትና የእጅ ጽሑፎች ሰበሰቡ። ከ1964ቱ (እ.ኤ.አ.) የሱዳን ሕዝባዊ አመፅ በኋላ የሉዓላዊነት ምክር ቤት አባል ሆኑ።

እንዲህ ያለውን ሰው ሐሳቡ የተበታተነ ነው ማለት ይቀላል። የእሳቸው ዝንባሌዎች ግን ሕመምተኛውን ወደ መረዳት ያመሩ ነበር፤ ጭንቀቱን በዛር በኩል የሚገልጽን ሰው ዛርን የማያውቅ ሐኪም ሊረዳው አይችልም። ዶክተር ቲጃኒ በ1970 እ.ኤ.አ. ዐረፉ፤ በኦምዱርማን የሚገኘው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል በስማቸው ይጠራል።