የዋሽንግተን ደብዳቤዎችና የአዲስ አበባ ሸክላዎች

አናንዴል የሚገኝበት የፌርፋክስ ካውንቲ በአሜሪካ የቅጂ መብት ታሪክ ውስጥ ስፍራ አለው። ጆርጅ ዋሽንግተን በዚያው ካውንቲ፣ በማውንት ቨርነን፣ ትቷቸው ያለፈውን ጽሑፎች ጃሬድ ስፓርክስ ሰብስቦ በ12 ቅጽ አሳተማቸው። ቻርልስ አፕሃም የተባለ ጸሐፊ ደግሞ ከዚያ 353 ገጽ ቀድቶ በራሱ መጽሐፍ አስገባ። እ.ኤ.አ. በ1841 ዳኛ ጆሴፍ ስቶሪ ድርጊቱ መብት መጣስ ነው ሲሉ ፈረዱ። ዛሬ «ፍትሐዊ አጠቃቀም» የሚባለው መርሕ ከዚህ ፍርድ የተወለደ ነው።

መርሑ በ1976ቱ ሕግ ሲጻፍ አራት መመዘኛዎችን ያዘ፤ የአጠቃቀሙ ዓላማ፣ የሥራው ጠባይ፣ የተወሰደው መጠን፣ በዋናው ሥራ ገበያ ላይ የሚደርሰው ጉዳት። በኢትዮጵያውያን ዘንድ የተለመዱት ሁለት መከላከያዎች፣ «ምንጩን ጠቅሻለሁ» እና «አልሸጥኩትም»፣ ከዚህ ሚዛን ጋር እምብዛም አይገጥሙም። ምንጭ መጥቀስ ከአራቱ አንዱ አይደለም፤ ትርፍ አለመፈለግም የመጀመሪያው መመዘኛ አንድ ክፍል ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ ሥራዎች ላይ ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ሥራው በአሜሪካ ሕግ ፊት ባለቤት አለው ወይ? ኢትዮጵያ የደራሲን መብት በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ደንግጋለች፤ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃውን አስፍታ የደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት አድርጋዋለች። ነገር ግን በ1886 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተው የበርን ስምምነት ውጭ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ቆየች፤ ከአሜሪካ ጋርም የሁለትዮሽ የቅጂ መብት ውል አልነበራትም።

ውጤቱ እንግዳ ነው። በአሜሪካ ሕግ ያልታተመ ሥራ የደራሲው ዜግነት ሳይጠየቅ ይጠበቃል። የታተመ ሥራ ግን ደራሲው የአሜሪካ ወይም የስምምነት አገር ዜጋ ወይም ነዋሪ መሆን፣ አለዚያም ሥራው በእነዚህ አገሮች መጀመሪያ መታተም አለበት፤ ሌላ አገር በታተመ በ30 ቀን ውስጥ እዚህ ቢታተምም ይበቃል። ስለዚህ አናንዴል የሚኖር ገጣሚ ግጥም ይጠበቃል፤ አዲስ አበባ የሚኖረውና እዚያው ያሳተመው ወንድሙ ግጥም ግን እንደ ጌታ የለሽ ንብረት ይቀራል። ይህን መውሰድ ፍትሐዊ አጠቃቀም አይደለም፤ ፍትሐዊ አጠቃቀም ባለመብት ሲኖር የሚነሣ መከላከያ ነውና። ይህ ባዶ ስፍራ ነው።

በባዶ ስፍራ መጠቀም የአሜሪካም ታሪክ ነው። እስከ 1891 እ.ኤ.አ. ድረስ የአሜሪካ ሕግ ለውጭ ደራስያን ጥበቃ አልሰጠም፤ ቻርልስ ዲከንስ በ1842 አገሪቱን ሲጎበኝ አምርሮ ተናግሮበታል። የተጎዳው ግን እንግሊዛዊው ብቻ አልነበረም፤ ክፍያ ከማይጠየቅበት የእንግሊዝ መጽሐፍ ጋር መወዳደር የነበረበት አሜሪካዊው ደራሲም ነው። አሜሪካ ራሷ የበርን አባል የሆነችው በ1989 ነው።

የሙዚቃው ታሪክ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. የሐገር ፍቅርን ብቸኛ የማሳተም መብት ተጋፍቶ ሸክላ ማሳተም ጀመረ፤ በደርግ ዘመን ተሰዶም ዋሽንግተን ለዓመታት ኖረ። በካሴት ከእጅ ወደ እጅ ሲቀዳ የኖረው የዚያ ዘመን ሙዚቃ የዓለምን ጆሮ ያገኘው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፓሪስ ባዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ነው። ተከታታዩ የተጫዋቹን፣ የዜማውንና የአሳታሚውን ስም ከማብራሪያ ጋር ይዞ ወጣ። የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች በ2005 በጂም ጃርሙሽ ፊልም ሲሰሙ ሙዚቃው ስምና አድራሻ ነበረው። ያለ ስም የተቀዳ ካሴት ፈላጊ ቢመጣ እንኳ ወደ ማን እንደሚሄድ አያመለክትም።

በዳያስፖራው ፊት ያለው ምርጫ ከዚህ ይመነጫል። ለአዲስ አበባ መንግሥት የሚቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ የበርን አባልነት። የአባልነቱ ዋጋም መታወቅ አለበት፤ የውጭ መጽሐፍና ፊልም በኢትዮጵያ ያለ ክፍያ የሚባዛበት ዘመን ያበቃል። ለግለሰቡ ደግሞ ሕጉ የማያስገድደው ሦስት ነገር ይቀራል፤ ባለሥራውን ፈልጎ ማስፈቀድ፣ ስሙን በሙሉ መጻፍ፣ ከሥራው ለትችት የሚበቃውን ያህል ብቻ መውሰድ። አዲስ አበባ የሚያሳትም ወዳጅ ያለውም በ30 ቀን ውስጥ እዚህ እንዲያሳትም ሊረዳው ይችላል። ለአንድ መጽሐፍ ጌታ ለመስጠት ሌላ ስምምነት መጠበቅ አያሻም።