በዓልን የሚያቆመው ማን ነው?

በአስተማሪነት በነበርሁበት ዘመን፥ በዓል ምንድር ነው ብዬ ተማሪዎቼን ስጠይቃቸው፥ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ቀን ነው ብለው ይመልሱልኝ ነበር። መልሱ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ቅርፊቱን ብቻ የነካ ነው። ደጅን ለማዘጋት አዋጅ ይበቃል፤ በቤት ውስጥ ያለውን ደስታ ግን አዋጅ አያመጣውም፥ አያስቀረውምም። የዚህን ነገር እውነትነት ከብሪታንያ ታሪክ እንመልከት። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በ17ኛው መቶ ዓመት እንግሊዞች በንጉሣቸው በቀዳማዊ ቻርልስና በፓርላማው መካከል በተነሣው ጦርነት ተከፋፍለው ነበር። ፓርላማው ድል ባደረገ ጊዜ ፑሪታን የሚባሉት ወገኖች ኃይል አገኙ። እነርሱም፥ የልደት በዓል በመጽሐፍ ቅዱስ አልታዘዘም፥ የስካርና የቁማርም ምክንያት ሆኗል ይሉ ነበር። ስካሩ በእውነት ስለ ነበረ ክሳቸው ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም፤ ነገር ግን አረሙን እነቅላለሁ ብሎ እህሉን እንደሚነቅል ገበሬ ሆኑ። በ1647 ዓ.ም. በጁን ወር ፓርላማው የልደትን፥ የትንሣኤንና የጰራቅሊጦስን በዓል ሻረ።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር 25 ቀን የካንተርበሪ ከተማ ከንቲባ ነጋዴዎች ሱቃቸውን እንዲከፍቱ አዘዘ። ጥቂቶች ከፈቱ፤ ሕዝቡ ግን ዝጉ ብሎ ተነሣባቸው፤ ክርክሩም ወደ ድብድብ ተለወጠ። ሰዎች ሆሊ የሚባለውን፥ በብርድ ወራት ቅጠሉ የማይረግፈውን እሾኻም ዛፍ በየደጃፋቸው ሰቀሉ፤ ጐረምሶችም በመንገድ ላይ ኳስ ተጫወቱ። በ1660 ዓ.ም. ዳግማዊ ቻርልስ ወደ ዙፋኑ ሲመለስ ሕጉ ቀረ፥ በዓሉም እንደ ቀድሞው በአደባባይ ተከበረ። እስከዚያ ድረስ ያቈየው በየቤቱ የነበረው ሰው ነው።

በስኮትላንድ ነገሩ ሌላ መንገድ ያዘ። የአገሪቱ ፓርላማ በ1640 ዓ.ም. የልደትን ዕረፍት ሻረ። ሕጉ ኋላ ቢነሣም ቤተ ክርስቲያኒቱ በዓሉን ስላልወደደችው፥ ብዙ ሰው በዚያ ቀን ወደ ሥራው ይሄድ ነበር፤ ዕለቱ የሕዝብ በዓል የሆነው በ1958 ዓ.ም. ነው። ቤተሰቡ ግን ደስታውን ሆግማኔ ወደሚሉት ወደ ዘመን መለወጫ ሌሊት አዛወረው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መጀመሪያ ደፍ የሚረግጠው እንግዳ ጠጕረ ጥቁር ወንድ ቢሆን ለቤቱ መልካም ዕድል ነው ይላሉ። እርሱም ምድጃው እንዳይቀዘቅዝ የድንጋይ ከሰል፥ ገበታው እንዳይጐድል በቅቤ የተጋገረ ብስኩት ይዞ ይገባል።

በእንግሊዝ ቤት ደግሞ የበዓሉ ሥራ የሁሉ የሚሆንበት ሰዓት አለ። ከልደት በፊት በኖቬምበር መጨረሻ አካባቢ በሚውል አንድ እሑድ፥ የልደት ፑዲንግ የሚባለው ምግብ ከዘቢብ፥ ከሞራ፥ ከዕንቍላልና ከቅመም ይለወሳል። በዚህ ጊዜ ከሽማግሌ እስከ ሕፃን እያንዳንዱ ማማሰያውን በተራ ይዞ ያማስላል፥ በልቡም አንድ ነገር ይመኛል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን የእናት እሑድ ነው፤ እርሱም በጾማቸው በአራተኛው እሑድ ይውላል። በቀድሞ ዘመን ድሆች ልጆቻቸውን ገና በለጋነታቸው ወደ ባለጸጋ ቤት ለአገልጋይነት ይሰዱ ነበር። በዚህ እሑድ ጌቶቻቸው ሲፈቅዱላቸው፥ ልጆቹ በመንገድ ዳር የበቀለውን ቫዮሌት አበባ እየቀጠፉ፥ አንዳንዶችም ሲምነል የተባለውን ኬክ ይዘው ወደ እናታቸው ይሄዱ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ልማዱ በብዙ ስፍራ ተዳከመ። ኮንስታንስ ፔንስዊክ ስሚዝ የተባለች የቄስ ልጅ ግን ልታድሰው ተነሣች፤ በ1921 ዓ.ም. ስለዚሁ መጽሐፍ አሳተመች፥ በ1938 ዓ.ም. እስክትሞትም ድረስ ደከመችበት። እርሷ ራሷ አላገባችም፥ ልጅም አልነበራትም። ዛሬ ግን በብሪታንያ ልጆች በዚያ ቀን ለእናታቸው አበባና ካርድ ይሰጣሉ፥ ቁርስም አሰናድተው አልጋዋ ድረስ ያመጡላታል።

ከልደት ማግሥት ያለው ቀን የሣጥን ቀን ይባላል። በልደት ዕለት የጌቶቻቸውን ገበታ ሲያሰናዱ የዋሉ አገልጋዮች በማግሥቱ ስጦታቸውን ተቀብለው ወደ ቤተሰባቸው ይሄዱ ነበር። ሕግ ይህን ቀን የዕረፍት ቀን ያደረገው በ1871 ዓ.ም. ነው፤ ልማዱ ግን ቀድሞታል።

አንባቢ ሆይ፥ እነዚያ አገልጋዮች እናታቸውን ለማየት የጌታ ፈቃድ መጠበቃቸው የሚያሳዝን ነው፤ እንዲህ ያለው ነገር ግን በሩቅ አገርና በጥንት ዘመን ብቻ የቀረ አይምሰልህ። በሚመጣው በዓል ገበታው ሲቀርብ ዙሪያህን ተመልከት። ሁሉ ተቀምጦ ሳለ ቆማ የምታስተናግደው ማን ናት? ምናልባት እናትህ ናት፥ ወይም ከገጠር የመጣች ሠራተኛ ናት። ተነሥተህ ሥራዋን ተቀበላት፥ ስፍራም ልቀቅላት። ሠራተኛም ብትሆን፥ ወደ እናቷ የምትሄድበትን ቀን አስብላት።