ዝገቱን ማንሣት፣ ማኅተሙን ማትረፍ

በእንግሊዝ አገር፣ በሼፊልድ ከተማ የተሠራን አሮጌ ታጣፊ ምላጭ ዕድሜ ለመገመት የሚሻ ሰው ቀድሞ የሚመለከተው ስለቱን ሳይሆን ስለቱ ከእጀታው ጋር የሚያያዝበትን ጠባብ አንገት ነው። የሠሪው ስምና ምልክት የሚመታው እዚያ ነው። አንዳንዱ ላይ የንጉሡ ስም የመጀመሪያ ፊደል ይታከልበታል፤ «ደብልዩ አር» የዊልያም 4ኛን ዘመን ከ1830 እስከ 1837 እ.ኤ.አ.፣ «ቪ አር» ደግሞ የቪክቶሪያን ረጅም ዘመን ያመለክታል። ከሁሉ የሚበልጥ ወሬ ያለው ግን «ኢንግላንድ» የሚለው አንድ ቃል ነው።

ይህን ቃል ያመጣው የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ነው። በ1890 የወጣውና ኋላ ፕሬዚዳንት በሆነው በዊልያም ማኪንሊ ስም የሚጠራው ሕግ አማካዩን ቀረጥ ወደ 50 በመቶ ገደማ ከማሳደጉም በላይ፣ ከመጋቢት 1891 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም በእንግሊዝኛ እንዲይዝ አስገደደ። እንግሊዝ ራሷ ከዚያ በፊት በ1887 ተመሳሳይ ሐሳብ ያለው የንግድ ምልክቶች ሕግ አውጥታ ነበር፤ የሼፊልድ ሠሪዎች የጀርመን ዕቃ የከተማቸውን ስም ለብሶ ይሸጣል ብለው አቤት ሲሉ ቆይተዋልና። ገዢውን ያስጠነቅቃል የተባለው የ«ጀርመን ሥራ» ምልክት ውሎ አድሮ ለዞሊንገን ምላጮች ማስታወቂያ ሆነላቸው። እንግዲህ «ኢንግላንድ» የሚል ማኅተም ያለበት ምላጭ ከ1891 ወዲህ የመሠራቱ ዕድል ሰፊ ነው። ቃሉ አለመኖሩ ግን ደካማ ማስረጃ ነው፤ ወደ አሜሪካ ያልተላከ ዕቃ አያስፈልገውም ነበር።

የማወልወያ ምርጫ ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ማኅተሙ ጥልቀቱ ከሚሊሜትር በታች ነው፤ በስለቱ ጎን የተቀረጸው ጌጥ ከዚያም የሳሳ ነው፤ በላዩ የተቀባው ወርቅ ደግሞ በለሰለሰ ማወልወያ እንኳ ይለቃል። በብርጭቆ ወረቀት ወይም ከናክሶስ ደሴት በሚወጣው ኤመሪ የተባለ ጠንካራ የድንጋይ ዱቄት የተፈገፈገ ምላጭ በአንድ ከሰዓት በኋላ እንደ መስታወት ያበራል፤ ፊደላቱ ግን አብረው ይሄዳሉ። በሞተር የሚሽከረከር የጨርቅ ጎማ ሌላ ጣጣ አለው፤ ቀጭኑ ስለት ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ጥንካሬውን ማጣት ይጀምራል።

ስሌቱ ግልጽ ነው። ለስላሳውን የመረጠ ሰው ቢሳሳት የሚከስረው ጊዜውን ነው፤ ነገ ጠንከር ያለውን መሞከር ይችላል። ሻካራውን የመረጠ ግን መመለሻ የለውም። ለመሸጥ የሚያወለውል ነጋዴ በብልጭታው ዋጋ ሲያገኝ፣ የጠፋውን ማስረጃ ኪሳራ የሚሸከመው ቀጣዩ ባለቤት ነው። ስለዚህ በጣት ጫፍ የሚታሽ ለስላሳ የብረት ማወልወያ ቅባት ይቅደም፤ ቀዩ ዝገት ይነሣ፤ ብረቱን ያጠቆረው ስስ ጥላ ግን ብዙም ስለማይጎዳው ቢቀር ይሻላል።

በነገራችን ላይ፣ የሼፊልድ ሠራተኞች ለምርጥ ምላጭ የመጨረሻውን ብርሃን የሚሰጡት «ክሮከስ» በሚሉት ቀይ ዱቄት ነበር። ይህም የብረት ኦክሳይድ፣ በቀላል አነጋገር የዝገት ዘመድ ነው። ከኤመሪ በጣም የለሰለሰ ስለሆነ ዛሬም ለዚህ ሥራ ከሚመቹት አንዱ ነው።

የትኛውም ማወልወያ የማይፈታው ችግር ግን አለ። ሴሉሎይድ የተባለው ቀደምት ፕላስቲክ በአሜሪካ የፈጠራ መብት ካገኘበት ከ1870 በኋላ ብዙ ምላጮች የእርሱ እጀታ ተሠራላቸው። ሴሉሎይድ ሲያረጅ አሲድነት ያለው ጋዝ ይተፋል፤ ታጥፎ የተቀመጠውንም ስለት ያዝገዋል። ምላጩ በጥንቃቄ ቢጸዳም በዚያው እጀታ ውስጥ ከታጠፈ ዝገቱ ይመለሳል። እጀታው ቢጣል ደግሞ የዕድሜው ሁለተኛ ምስክር አብሮ ይጣላል። አንዳንድ ሰብሳቢዎች ሁለቱን ነቅለው ለየብቻ ያስቀምጧቸዋል።