ታማኖ-ሻታ፣ ፕኒና

እስራኤላዊት ፖለቲከኛና የሕግ ባለሙያ፤ የፔታህ ቲክቫ ነዋሪ። በ1981 እ.ኤ.አ. ጎንደር አካባቢ ተወልደው በሦስት ዓመታቸው ኢትዮጵያውያን አይሁዶችን ባጓጓዘው ዘመቻ ሙሴ በሱዳን በኩል እስራኤል ገቡ። ሕግ ተምረው፣ በቴሌቪዥን ጋዜጠኝነት ሠርተው በ2013 በየሽ አቲድ ፓርቲ የእስራኤል ምክር ቤት (ክኔሴት) ሲገቡ ከኢትዮጵያ ተወላጅ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆኑ።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደም ሰብሳቢዎች ምክር ቤቱ ቅጥር ግቢ መጡ። እሳቸውም ሊለግሱ ቀረቡ፤ የትውልድ አገራቸው ተጠቅሶ በወቅቱ በነበረው የደም ልገሳ መመሪያ መሠረት ተከለከሉ። ደሙ ቢወሰድም ቀዝቅዞ ከመቀመጥ በቀር ለማንም አይሰጥም ተባሉ። ጉዳዩ አገር አነጋገረ፤ በሺህ ንግግር የማይገኝ የአድልዎ ማስረጃ ነበርና።

የጥምር መንግሥት ፖለቲካ የጠቀማቸው በ2020 ነው። የሽ አቲድ ተቃዋሚ ሆኖ ሲቀር እሳቸው ከፓርቲው ተለይተው ከፖለቲከኛው ቤኒ ጋንትዝ ጋር ቆሙ። ጋንትዝ ከጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ ጋር መንግሥት ሲመሠርቱ እሳቸው የአሊያ (የአይሁድ ፍልሰት) እና ውህደት ሚኒስትር ተባሉ፤ ኢትዮጵያ የተወለደ ሰው እስራኤል ውስጥ ሚኒስትር ሲሆን የመጀመሪያው ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ራሳቸው ኢትዮጵያ ሄደው ወደ እስራኤል ከሚፈልሱ ተጓዦች ጋር ተመለሱ።

ያ መንግሥት ፈርሶ በ2021 የቤኔትና የላፒድ ጥምረት ሲተካም ወንበራቸው አልተነካም። ሥልጣናቸው ያበቃው በዲሴምበር 2022፣ ኔታንያሁ ወደ ሥልጣን ሲመለሱ ነው።